የተጀመረው ሳያልቅ

ዲላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለኸይረዲን፣ ሰንዓ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። የሰው አገር እንጀራ አይነቅህ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ከነልጆቹ አለን። ስለ ጤናችን ከዚህ በላይ ከጻፍኩ ለቁም ነገሩ ወረቀት አይተርፈኝም።

ትተህልን የሄድከው ቀይ ሞተር ከአራት ዓመት በኋላ ከጓሮ ወጣ። ዶሮዎቹ ቤታቸውን ተቀሙ። ያወጣው ሸምሱ ነው። አማችህን ታውቀዋለህ፣ አንዴ ካለ አለ ነው። ዘንድሮ የቡና ዋጋ ወድቆ ገበሬው ሳሙና እንኳ በግማሽ ቆርጦ ነው የሚገዛው። እኔ በአባባ ሱቅ ምስማርና የብስክሌት ጎማ እየጠበቅሁ ዝንብ እቆጥራለሁ። ሸምሱ ደግሞ ገዢው ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ ብሎ በገበያ ቀን ጨውና የባትሪ ድንጋይ ከኋላው ጭኖ ወደ ደጋው ቡሌ ይወጣል። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው እኮ። ሞተር ላይ ተቀምጦ ብታየው፣ ጆንያው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ትቸገራለህ።

መውጣቱስ ይወጣል። ጭንቁ መውረዱ ላይ ነው። የፊቱ ፍሬን እጀታ ሲጨብጡት ልምሾ ሆኖ እስከ መሪው ይመጣል። ሦስት አራቴ ሲደጋግሙት ትንሽ ይጠነክራል። የኋላው ፍሬን ድሮም ለስሙ ነበር፣ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ። እዚህ ያለው መካኒክ ሙሉውን ካልቀየራችሁ አልነካውም አለን። እኔም መካኒክ ወንድም እያለኝ የማንንም ፊት አላይም አልኩ። እንዴት እንደሚሠራ ለሕፃን እንደሚያስረዱ አድርገህ ጻፍልኝ። እኔ እያነበብኩ እሱ ይሠራል።

ሸምሱ አልፈራም ይላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ገበያ በሄደ ቀን የሞተሩ ድምፅ ከመናኸሪያው በኩል እስኪሰማኝ ድረስ ሱቁን አልዘጋም።

እህትህ ሀጅራ


ሰንዓ፣ ኅዳር 22 ቀን 1993 ዓ.ም.

እናቴን ተክታ ላሳደገችኝ ለእትዬ ሀጅራ

ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ይድረስሽ። ለጋሼ ሸምሱ ጉልበት፣ ለልጆቹ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ወረቀቴ ገና አልተስተካከለም፣ ቢሆንም የጋራዡ ባለቤት ደህና ሰው ነው።

እትዬ፣ እጀታው ልምሾ የሚሆነው ቱቦው ውስጥ አየር ስለገባ ነው። የፍሬን ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ጋሼ የሚጨብጡት አየሩን ነው፣ ጎማው ምንም አልሰማም። አየሩ መውጣት አለበት።

መሪው ላይ ያለችውን የዘይት ዕቃ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገሽ ክፈቺና እስከ ምልክቱ ሙያት። ከታች፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ቆንጥጦ በሚይዘው ብረት ላይ የጎማ ቆብ የለበሰች ትንሽ ብሎን አለች። አየሩ የሚወጣው በእሷ ነው። ከክሊኒክ የግሉኮስ ቱቦ ለምነሽ አንዱን ጫፍ ብሎኗ ላይ ሰኪው፣ ሌላውን ትንሽ ዘይት ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሪው። ጋሼ እጀታውን ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው ጨበጥ ለቀቅ ያድርጉና በአራተኛው ጨብጠው ይያዙት። ያኔ አንቺ ብሎኗን ሩብ ዙር ፍቺያት። አየሩ ብርጭቆው ውስጥ ይንፈቀፈቃል፣ እጀታውም ወደ መሪው ይሸሻል። አይልቀቁት። መጀመሪያ ብሎኗን እሰሪ፣ ከዚያ ይልቀቁ። ሳታስሪ ከለቀቁ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፣ ድካማችሁም ከንቱ ነው። መንፈቅፈቁ እስኪያቆም ድረስ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። በመሃል የላይኛዋ ዕቃ እንዳትነጥፍ ተጠንቀቂ፣ ከነጠፈች ከሀ ትጀምራላችሁ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ልጦ ያወርደዋል።

ዘይቱ ከታሸገ ቆርቆሮ ይሁን። ከየት እንደምታገኙ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ኸይረዲን


ዲላ፣ ጥር 9 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኸይረዲን

ሰላምህ ይብዛ። ጸሎታችን ካንተ ጋር ነው፣ ወረቀትህንም አላህ ያስተካክልልህ።

ሠራነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን። መጀመሪያ እኔ «ያዝ» ስል እሱ ይለቃል፣ «ልቀቅ» ስል ይይዛል። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረን ያልተስማማነው ሁሉ በዚያች ብሎን ላይ ወጣ። አንዴማ ብሎኗ እንደተፈታች አፍንጫው ላይ ዝንብ አረፈችና እጀታውን ለቆ ዝንቧን መታ። ሰው ሁሉ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲስቅብን ዋለ። በመጨረሻ መንፈቅፈቁ አቆመ፣ እጀታውም ድንጋይ ሆነ። ሸምሱ ከመናኸሪያ እስከ ድልድዩ ነድቶ፣ ቀጥ እያደረገ አቁሞ መጣ። የዘይቱን ነገር አታስብ፣ አንተ የጀመርከው ትልቁ ቆርቆሮ ከግማሽ በላይ አለው። ክዳኑ ስለጠፋ እንደነበረው በጨርቅ ወትፌው ነው ያለው።

ይህን ጽፌ ልዘጋ ነበር። ግን ደብዳቤው ሳይላክ ሌላ ነገር መጣ።

ባለፈው ገበያ ከቡሌ ሲወርድ ፍሬኑ ጠፋ። መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ነበረ አለኝ። ቁልቁለቱን እየያዘ እየያዘ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ እጀታው ባዶ ሆነ። ቢደጋግመውም አልተመለሰም። ያለው ምርጫ አንድ ገበሬ እንሰት ውስጥ መግባት ነበርና ገባ። ክንዱና ጉልበቱ ተላጠ፣ ጨዉም ተደፋ። ገበሬው ገመቹ ይባላል። በዱላ ሊመጣ ሲል የሸምሱን ሁኔታ አይቶ ውሃ አመጣለት። የተሰበሩትን እንሰቶች እንክፈል ብንለው «እንሰት ይበቅላል፣ ሰው አይበቅልም» ብሎ መለሰን።

የሚገርመው ነገር ዲላ ደርሶ ሲሞክረው ፍሬኑ እንደ ድሮው ድንጋይ ነው። እኔም ጨብጬ አየሁት። መካኒኩ አይቶ ባልሽ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል አለኝ። ሸምሱ ለማንም አትንገሪ ብሎኛል። እኔ ለማንም አልነገርኩም፣ ላንተ ግን ነገርኩህ። ምንድን ነው? እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

ሀጅራ


ሰንዓ፣ የካቲት 25 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀጅራ

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ። ጋሼን ከዚያ እንሰት ላወጣቸው ጌታ ምስጋና ይድረሰው። ደብዳቤሽ በእጄ የገባው ትናንት ነው።

ጋሼ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። እዚህም ከተራራ የሚወርዱ ሞተሮች እንዲህ እየሆኑ ይመጡብናል። ለማንኛውም ቱቦው ሲጨበጥ ማበጥ አለማበጡን እዪ። መጋጠሚያዎቹ ላይ እርጥበት ካለ በጣትሽ ፈትሺ። ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬን ሸራ ካለቀም ንገሪኝ። ልቤ ግን የሚለኝ ዘይቱ ነው። ውሃ ገብቶበታል። ቁልቁለቱን እየያዙ ሲወርዱ ዲስኩ ይግላል፣ ግለቱ ዘይቱን ያሞቀዋል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ነው፣ ይጨመቃል። ሲበርድ ተመልሶ ውሃ ስለሚሆን ነው ጋሼ ዲላ ሲደርሱ ደህና የመሰላችሁ። ሜዳ ላይ መሞከር ምንም አይነግራችሁም።

ውሃው እንዴት ገባ የሚለውን አሁን ተይው። ዘይቱ ይለወጥ። ኢልሃም፣ የአብዱልአዚዝ ልጅ፣ ወር ሳይሞላ ወደ ዲላ ትመለሳለች። አዲስ ቆርቆሮ በእሷ እልካለሁ።

እስከዚያ ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ። ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ አይያዙት። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው ዲስኩ እስኪበርድ ይረፉ። ቸኩሎ መድረስ ይቅርባቸው።

ኸይረዲን


ዲላ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኸይረዲን

የአላህ ሰላም ካንተ አይለይ። ኢልሃም በደህና ገብታለች። አንተ ግን ከስተሃል አለችኝ፣ ደብቀኸኛል። ሥጋ ግዛና ብላ።

ሸምሱ ምክርህን ይዞ ስድስት ገበያ ወጣ ወረደ፣ ምንም አልሆነም። ግማሽ መንገድ ላይ ገመቹ ቤት ያርፋል። ቆጮ ያበሉታል፣ እሱም ለልጆቹ ከረሜላ ይይዝላቸዋል። አሁንማ ገመቹ፣ ሸምሱ ሲያልፍም ሲያገድምም እጁን ካላነሣለት የሚያኮርፍ ወዳጅ ሆኗል። የሰው ነገር ይገርማል፣ የተዋወቁት እንሰት ሰብሮ ነው።

ቱቦው አያብጥም፣ እርጥበትም የለም፣ ሸራውም አለ። ዘይቱን በሚመለከት ውሃ ነው ካልክ፣ ውሃን እኛ እናውቅበታለን። ይርጋጨፌ ድረስ ሰው ሁሉ እርጥብ ቡና አስጥቶ አይደል የሚያደርቀው። የቆርቆሮውን ዘይት በሰፊ ትሪ ገልብጬ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። አቧራ እንዳይገባበት በሻሽ ሸፈንኩ፣ ማታ ማታ እያስገባሁ አራት ቀን ሙሉ ፀሐይ አስመታሁት። ከዚያ በነጠላ አጣርቼ መለስኩት። ጥርት ብሎ ብታየው አዲስ ነው የምትለው። ሸምሱና እኔ የድሮውን አውጥተን እሱን ሞላንበት። አሁን እኔ ያለሱ፣ እሱም ያለኔ መሥራት አይሆንልንም። ዝንብ ብትመጣም አይለቅም።

አንተ የላክኸው ቆርቆሮም ደርሶኛል። መደርደሪያው ላይ ከአባባ ሚዛን አጠገብ አስቀመጥኩት። አባባ ይሉ የነበረውን ታስታውሳለህ፣ የተጀመረው ሳያልቅ አዲስ አይከፈትም። ምስማርም ሆነ ስኳር በዚያ ሱቅ አርባ ዓመት እንዲያ ነው የኖረው። ከተጀመረው ብዙ አልቀረም፣ ክረምቱ ሳይወጣ ያልቃል። ያኔ ያንተን እንከፍታለን ኢንሻአላህ።

ቡሌ መንገድ ላይ ዝናቡ ጀምሯል። ጸልይልን።

ሀጅራ


ሰንዓ፣ ግንቦት 27 ቀን 1993 ዓ.ም.

እትዬ

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ፣ ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነም ሳትቀመጪ፣ ያንን ዘይት ድፊው። አዲሱን ክፈቺና ከሞተሩ ውስጥ ያለውን እስከ መጨረሻው ጠብታ አውጥታችሁ ሙሉበት። ጋሼ እስከዚያ ሞተሩን አይንኩት። ሁለት ቀን ስልክ ቤት ተሰልፌ የዲላ መስመር አላገኘሁም። ስለዚህ ነው የምጽፈው።

የፍሬን ዘይት ውሃ የሚጠጣው ከአየር ነው። ክፍት ሆኖ በተቀመጠ ቁጥር ይጠጣል። ፀሐይ አያደርቀውም። አራት ቀን ትሪ ላይ ስታሰጪው አራት ቀን ሙሉ እያጠጣሽው ነበር። ይህን በየካቲት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

ለምን እንዳልነገርኩሽ ልንገርሽ። ቆርቆሮውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልሄድ በተነሣሁበት ሰሞን ነው፣ ክዳኑ ተንከባሎ ከመደርደሪያው ሥር ገባ። ጎንበስ ብዬ መፈለግ ሰነፍኩና ጨርቅ ወተፍኩበት። አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቆየ። ጨርቁን ስትጠቅሺልኝ ሁሉም ነገር ገባኝ። ከአየር ነው ብዬ ብጽፍ ማን ክፍት እንደተወው ታውቂያለሽ ብዬ አፈርኩ። አንቺ በልጅነቴ ክዳን ግጠም እያልሽ ስንቴ ቆንጥጠሽኛል። ዘይቱ ይለወጥ ካልኩ ይበቃል ብዬ ራሴን አታለልኩ። የአባባን ሕግ ረሳሁት።

ይቅር በይኝ። ግን ይቅርታውን ኋላ እንነጋገርበታለን፣ አሁን ዘይቱን ድፊው። ደረሰኝ፣ ደፋሁት ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊልኝ።

ኸይረዲን


ዲላ፣ ሐምሌ 23 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለኸይረዲን

አሰላሙ አለይኩም። መርዶ በስልክ አልወድም። ተቀምጠህ አንብበው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሰኔ 24 ነው። ሸምሱን የቀበርነው ሰኔ 13 ነው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

በዋዜማው ገበያ ነበር። ሲመለስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ዝናቡን ልቅደም ብሎ ይመስለኛል፣ ገመቹ ቤት አላረፈም። ለቀብር የመጣ ዕለት ገመቹ እንዲህ ነው ያለኝ፤ «ሸምሱ ሁልጊዜ ለኔ እጅ ያነሣል። ያን ቀን አላነሣም። ሁለቱም እጅ መሪው ላይ ነበር። አኮረፈኝ ብዬ አሰብኩ።» ከእሱ ቤት ዝቅ ብሎ መንገዱ ወደ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አልታጠፈለትም። ገመቹ ሮጦ ወርዶ ሲደርስ ነፍሱ ወጥታለች፣ ሞተሩም ደረቱ ላይ ነበረ። ጣቶቹን ከፍሬኑ እጀታ ላይ አንድ በአንድ ያላቀቃቸው ገመቹ ነው።

በማግስቱ ሞተሩን አምጥተው ሱቁ በር ላይ አቆሙት። ለቀስተኛው ሲተራመስ ተጠግቼ እጀታውን ጨበጥኩት። ድንጋይ ነው፣ ወንድሜ። ምንም ያላጠፋ ነገር ይመስል ድንጋይ ነው። ቢላላ ኖሮ ባልጮህኩ። ሴቶቹ ጎትተው አስገቡኝ።

አሁን ስላንተ ልናገር። አልረግምህም፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኩህ ነህ። ይቅር ብየሃለሁ ብዬም አልዋሽህ፣ ገና አልቻልኩም። ውሃው ከአየር ነው ማለት ስንት ቃል ነው? በየካቲት ብትጽፋት ትሪውን ጣሪያ ላይ አላወጣም ነበር። ክዳን ለጠፋ አልገድልህ። የተናደድኩት በቆርቆሮው አይደለም፣ በዝምታህ ነው።

ራሴንም አልተውኩትም። የላክኸው ቆርቆሮ ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር። ሱቅ በከፈትኩ ቁጥር አቧራውን እጠርግለት ነበር። የመጨረሻ ገበያው ጠዋት እንኳ ጠርጌዋለሁ። ሸምሱ ሲወጣ «እሷን ለዓመት በዓል ነው የምታስቀምጫት?» ብሎ ቀለደብኝ። እኔም የተጀመረው አላለቀም አልኩት።

አንተ የደበቅኸኝ ነበረህ፣ እኔም የደበቅሁህ አለ። ያንን ዘይት ለሌላ ሰውም ሸጫለሁ። በመድኃኒት ጠርሙስ እየለካሁ ለአራት ሞተረኛ ሰጥቻለሁ። ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የመጡብኝ እነሱ ናቸው። እኔ ደግሞ የባል ሐዘን፣ ዒዳ ላይ ነኝ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አልወጣም። ሸኽ ፈድሉ ዘንድ ሰው ልኬ አስጠየቅኩ። ነፍስ ለማዳን ከሆነ ቀን ቀን ትውጣ፣ ማታ ቤቷ ትደር አሉኝ። ጎረቤት ግን አላማረውም። ባሏ ሳይበሰብስ መንገድ ለመንገድ ትላለች ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይበሉ።

ሁለቱ ዲላ ናቸውና በአንድ ቀን አግኝቼ ዘይቱን አስደፋኋቸው። ሦስተኛውን ፍለጋ ጨለለቅቱ ድረስ ሄድኩ። ጠርሙሱን ሳይከፍተው አስቀምጦት ነበር፣ አልሃምዱሊላህ። አራተኛው ቡሌ ነው። ያንን መንገድ መውጣት አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ከመናኸሪያ ተመለስኩ። ትናንት ግን የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ። መኪናው ሲታጠፍ የት እንደደረስኩ ሳላይም አውቄዋለሁ።

ሰውየው ታረቀኝ ይባላል፣ በየቀበሌው እየዞረ ሕፃናት የሚከትብ የጤና ሠራተኛ ነው። አዲሱን ቆርቆሮ በነጠላዬ ጠቅልዬ ስገባ ደነገጠ። የመጣሁበትን ነገርኩት፣ አንድም ሳልደብቅ፣ ባሌን የገደለው ይኸው ካንተ ሞተር ውስጥ ያለው ዘይት ነው አልኩት። አምኖኝ አይመስለኝም። «እትዬ ሀጅራ፣ ጌታ ያጽናሽ፤ የኔ ፍሬን ግን ጥሩ ነው። ነይ ጨብጪው፣ ድንጋይ እኮ ነው» አለኝ።

አልጨበጥኩትም። አንተ ተቀመጥና እጀታውን ያዝ አልኩት። እዚያው ግቢው ውስጥ ተንበርክኬ ቱቦውን ሰካሁ። ያዝ አልኩ፣ ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ ልቀቅ አልኩ። እሱ በደንብ ነው የሚይዘው፣ አንዴም አልተሳሳተም። ይህም አስለቀሰኝ። የድሮው ዘይት ወጥቶ ሲያልቅ የላክኸውን ቆርቆሮ በካቻቪቴ ፈንቅዬ ከፈትኩትና ሞላሁለት። ክዳኑን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የሠራሁት። ስጨርስ መልሼ ገጠምኩት።

ሱቅ ስመለስ የድሮውን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረድኩትና ጨርቁን ነቅዬ አየሁት። አባባ ይቅር ይበሉኝ፣ የተጀመረው ገና ሦስት ጣት ይቀረው ነበር። ደፋሁት።

ሀጅራ